ለአልጋ አስራ አራት የወጣው ወረቀት

ሟቿ የተገኘችው ሰኞ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ምላሷን ነክሳለች፤ የቀኝ እጇ ጣቶች የአልጋውን ብረት እንደጨበጡ ደርቀዋል። ዳሌዋ ተሰብሮ ወር ሙሉ ከአልጋ አስራ አራት አልወረደችም ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ልክ በአንድ ሰዓት፣ ኮሪደሩ ላይ ያለው ማተሚያ እንደ ወትሮው እየተንጫጫ የዕለቱን የመድኃኒት ወረቀቶች ማውጣት ጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የእሷ ነበር፦ አልጋ 14፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ አንድ ፍሬ፣ ጠዋት።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች አልጋ አስራ ሦስት ላይ የተኛችው አሮጊት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች።

መርማሪው በአራት ሰዓት ሲደርስ ወረቀቱ በክፍሉ ሐኪም እጅ ነበር።

«ደሟን አይተናል» አለ ሐኪሙ። «መድኃኒቱ ጠብታ እንኳ የለበትም። ቢያንስ አምስት ስድስት ቀን አልወሰደችም። ይህ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ተሰብስቦ ይመጣል። እየደጋገመ ሲጥላት ነው ያደረው።»

«እርስዎ መጨረሻ ያዩዋት መቼ ነው?»

«ያለፈው ሰኞ። የምዞረው ሰኞ ሰኞ ነው። ያኔ ደህና ነበረች፣ አፏም ደህና ነበር፤ ስትሰድበኝ ነው የዋለችው። ከማክሰኞ እስከ እሑድ ያለው የነርሶች ነው።»

ከማተሚያው በላይ ግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፦ ወረቀት ካልወጣ መድኃኒት የለም።

መርማሪው የሳምንቱን የማተሚያ ሪፖርት አስመጣ። በየቀኑ መጨረሻ ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ በመዝገቡ ያለው ሰው ብዛትና የተነበበው ሰው ብዛት። በሁሉም ቀን ሁለቱ እኩል ናቸው።

«ማሽኑ ማንንም አልዘለለም» አለ ሐኪሙ። «ወረቀቷ ዛሬም ወጣ፣ ትናንትም ወጥቷል ማለት ነው። የቀደደው ሰው ነው።»

ስድስቱንም ጠዋት የክፍሉ ተረኛ አንዲት ነርስ ነበረች። ሟቿ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ከሳታለች። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ነርሷ ታሰረች።

*

«ወረቀቷ አልወጣም!» አለች ነርሷ። ገና ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ጥፍሮቿ ንጹሕ ናቸው፤ ዓይኗ ግን አብጧል። «ስንቴ ልበልዎት? ስድስት ቀን አልወጣም። ዛሬ ከሞተች በኋላ ወጣ።»

«መድኃኒቴን ብላ ጠይቃሻለች?»

«በየጠዋቱ። ‹ልጄ፣ ዛሬም ዘለልሽኝ› ትላለች። እኔ ደግሞ ‹ወረቀትሽ አልመጣም› እላታለሁ። ምን ላድርግ? አምና ያለ ወረቀት የሰጠች ልጅ ተባራለች።»

«ሐኪም ልትጠሪ፣ ወይ መዝገብ ቤቱን ልትጠይቂ አትችይም ነበር?»

«ለሷ?» ነርሷ ሳታስበው ፈገግ አለች። «እመት ስሞታ ነበር የምንላት። ሾርባው ቀዘቀዘ፣ ትራሱ ጠነከረ፣ መስኮቱ ተከፈተ። ለሷ ጥያቄ ስሮጥ ብውል ሌላው በሽተኛ ምን ይሁን? ሐኪሙ አቁሞባት ይሆናል ብዬ ተውኩት።»

መርማሪው ፈገግታዋን አልወደደውም። ግን ፈገግታ ማስረጃ አይሆንም።

ከጣቢያው በር ላይ አንዲት ሴት ፌስታል ይዛ ቆማ አገኛት። የሆስፒታሉን ሰማያዊ የፅዳት ልብስ ለብሳለች።

«ጌታዬ፣ የነርሷ እናት ነኝ። እዚያው ነው የምሠራው፤ የታችኛውን ፎቅ፣ የቢሮዎቹን። ቅያሪ ልብስ ነው ያመጣሁላት።»

«ይቀበሉዎታል፣ እማማ።»

«ረቡዕ ሦስት ሰዓት ላይ ክስ ይመሠረታል አሉኝ። እውነት ነው?»

«ሌላ ነገር ካልተገኘ፣ አዎ።»

«ሰው ገዳይ ተብላ? ዕድሜ ልክ?» ፌስታሉን ደረቷ ላይ አጣበቀችው። «አንድ ናት። ደግሜ አልወለድኩም። ወለል እየወለወልኩ ነው ያስተማርኳት። ልጄ ቁጡ ናት፣ አልዋሽም። ግን ሰው አትገድልም። አትገድልም፣ ጌታዬ።»

*

የሟቿ ትልቁ ልጅ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ማክሰኞ ጠዋት መርማሪው ከመኪናው ሳይወርድ አነጋገረው።

«እሑድ ከእናትህ ጋር ተጨቃጭቀሃል።»

«ማን አለ? የአልጋ አስራ ሦስቷ? የዚያች ጆሮ ሬዲዮ ነው።»

«‹ሞተሽ ብትገላግይን› ብለሃታል።»

ሹፌሩ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። «ብያለሁ። ‹መድኃኒት ከለከሉኝ› ስትለኝ ነው። አላመንኳትም። ሕይወቷን ሙሉ የሆነ ሰው የሆነ ነገር ሲከለክላት ነው የኖረችው። እንደሱ ብዬ ወጣሁ። አሁን ጠዋት ጠዋት እሱን እየሰማሁ ነው የምነዳው።»

«ሳምንቱን ሙሉ በአንድ ሰዓት የት ነበርክ?»

«እዚሁ ወንበር ላይ። ስልሳ ሰው ከኋላዬ ተሳፍሮ።»

መናኸሪያው አረጋገጠ። ሹፌሩ በስድስቱም ቀን ከአስራ ሁለት እስከ አራት ሰዓት መስመር ላይ ነበር።

«ሌላ የሚጠላት ሰው ነበር?»

«ጎረቤት ሁሉ። እኛም አንዳንዴ። ስድስት ሆነን አድገን አምስት ቀረን። አንደኛው የአባቴ ልጅ ነበር፣ ከሌላ ሴት። በአስራ አራት ዓመቱ ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። እሷም አላፈላለገችውም፤ ‹አንድ አፍ ቀነሰ› ነው ያለችው።»

*

መዝገብ ቤቱ ከማተሚያው ዘጠኝ እርምጃ ይርቃል። መዝጋቢው አርባ ዓመት ያለፈው፣ ሸሚዙ እስከ አንገቱ የተቆለፈ ሰው ነው። እንግዳ በማግኘቱ ደስ ያለው ይመስል ወንበር ሳበለት።

«ሰንጠረዡ እንደ ደብተር ነው» አለ ወደ ኮምፒውተሩ እያሳየ። «ገጽ አለው፣ ገጹ ረድፍ አለው። አንድ ረድፍ አንድ ሰው። ፕሮግራሙ በየጠዋቱ ከገጽ አንድ ተነስቶ እስከ መጨረሻው በተራ ያነባል። መድኃኒት የታዘዘለት ረድፍ ላይ ሲደርስ ወረቀት ያወጣና ያልፋል።»

«መሐል ላይ መብራት ቢጠፋስ?»

«እሱን ይጠይቁኝ!» መዝጋቢው እጁን አፋተገ። «አምና መብራት ሄዶ ሲመጣ ከአንድ ጀመረና አስራ ሰባት ሰው መድኃኒቱን ሁለቴ ዋጠ። ከዚያ እኔ የቦታ መዝገብ ሠራሁለት። አሁን እያንዳንዱን ረድፍ ሲያነብ የደረሰበትን ይጽፋል፤ ገጹን፣ ረድፉን፣ የካርዱን ቁጥር፣ ሰዓቱን እስከ ሰከንዱ። መብራት ቢሄድ ካቆመበት ይቀጥላል።»

«ወደ ኋላ አይመለስም?»

«ያለፈውን ምን ሊያደርገው? አልፎታል እኮ።»

«ረድፎቹን ማን መለወጥ ይችላል?»

«ነርሶችም ሐኪሞችም ይጽፋሉ። ለውጦቹ የሚመዘገቡበት ፋይል ግን ተበላሽቷል፤ እሑድ ዕለት ዲስኩ ሞላና ጠፋ። ያሳዝናል። እኔ ደግሞ በአንድ ሰዓት ሁልጊዜ ማተሚያው ጋ ነኝ፣ ወረቀት እየቆረጥኩ አድላለሁ። ነርሶቹን ይጠይቋቸው።»

ነርሶቹ አስቀድመው ነግረውታል። ከማተሚያው ንቅንቅ አይልም።

«የቦታ መዝገቡስ አለ?»

መዝጋቢው ወደ ኮምፒውተሩ ዞር አለ። ከዚያ ሳቀ። «አለ። ስምንት ቀን ላትምልዎት? ቁጥር ብቻ ነው፤ እንቅልፍ እምቢ ካለዎት ይረዳዎታል።»

*

መርማሪው ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ የወረቀቱን ክምር ዘረጋ። የሟቿን ካርድ፣ 4471ን፣ ፈለገ። ባለፈው ሰኞ ገጽ ሃያ ሁለት ላይ አለች። ከማክሰኞ እስከ እሑድ የትም የለችም። ነርሷ አልዋሸችም ማለት ነው፤ ወረቀቱ አልወጣም። ግን የማሽኑ ቆጠራ እኩል ነው። አንድ ሰው ተዘልሎ ቆጠራ እንዴት እኩል ይሆናል? ይህን ሳይመልስ ክሱን ማስቆም አይችልም። ሰዓቱን አየ። ዘጠኝ ሆኗል።

«ቁጥር ነው?»

የነርሷ እናት መወልወያዋን ተደግፋ ቆማለች።

«ቁጥር ነው፣ እማማ።»

«ቁጥር አነባለሁ። ፊደል ነው ገና። የጎልማሶች ትምህርት ቤት ከገባሁ አራት ወር ሆነኝ።» ዓይኗ ከወረቀቱ ላይ አልተነሳም። «ስለ ልጄ ነው?»

መርማሪው ማሳየት እንደሌለበት ያውቃል። ግን ሌላ የሚያስበው አልነበረውም። «ነው።»

እጇን በልብሷ ጠርጋ ተቀመጠች። የማክሰኞንና የረቡዕን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጣ ሁለት ጣት አሳረፈችባቸውና እየተከተለች ወረደች። አንድ ቁጥር አትዘልም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። መርማሪው ሊነግራት ፈለገ፣ እንዲህ ከሆነ ሳምንት ይፈጃል ብሎ። ግን ትቶት ሐኪሙ የሰጠውን የታካሚዎች ዝርዝር አወጣ።

«ይሄ ሰውዬ» አለች ከብዙ ጊዜ በኋላ። «ማክሰኞ አለ። ረቡዕ የለም።»

ገጽ አስራ ዘጠኝ ነበር። መርማሪው ካርዱን ከሐኪሙ ዝርዝር ጋር አስተያየው። ከሁለት ሳምንት በፊት ድኖ የወጣ ታካሚ ነው።

የረቡዕንና የሐሙስን አስጠጋች። «ይህችኛዋም የለችም።» ገጽ አስራ አምስት። እሷም ድና የወጣች ናት። ከዚያ ገጽ አስራ አንድ። ከዚያ ስምንት። ከዚያ አራት። በየቀኑ አንድ ሰው ከመዝገቡ ይጠፋል፣ ቦታውም ወደ መጀመሪያው ገጽ እየቀረበ ይሄዳል።

መርማሪው የማተሚያውን ሪፖርት አወጣ። እኩል መሆናቸውን ብቻ ነበር ያየው፤ ቁጥሮቹን አላያቸውም። ማክሰኞ 211፣ ረቡዕ 210፣ ሐሙስ 209፣ እንዲያ እያለ እሑድ 206። ቧንቧ ፈንድቶ ሆስፒታሉ አዲስ ሰው መቀበል ካቆመ አስር ቀን አልፏል፤ የዳኑት ደግሞ የሚሰረዙት ወር ሲያልቅ ነው። ታዲያ ለምን በቀን አንድ ይቀንሳል?

«ገጽ አንድ፣ ረድፍ አምስት» አለች ሴትየዋ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ወረቀቶች ይዛ። «እሑድ 2318። ሰኞ 4471። ቦታውን ወሰደችበት።»

«ገጽ ሃያ ሁለት የነበረች ሴት እንዴት ገጽ አንድ ትገባለች?»

ሴትየዋ በእጇ አፏን ሸፈነች። ሳቋ መጥቶ ነው።

«ምን አስታወስዎት?»

«ነውር ነው፣ ጌታዬ። እኛ ክፍል አንድ ጥበቃ አለ፣ የቤት ሥራ አይሠራም። መምህራችን በየወንበሩ እየዞረች ታርማለች። ሦስተኛው ወንበር ስትደርስ እሱ ከኋላ ተነስቶ ቀስ ብሎ መጀመሪያው ወንበር ላይ ይቀመጣል። እሷ ወደ ኋላ አትመለስም። ‹ሁሉንም አይቻለሁ› ብላ ትምላለች።» ሳቋን ዋጠችው። «ግን ከፊት ባዶ ወንበር መኖር አለበት። ከሌለ የታረመ ሰው ተነስቶ ይወጣለታል።»

መርማሪው ከተቀመጠበት ተነሳ።

*

«እርስዎ ከማተሚያው አልተንቀሳቀሱም» አለ መርማሪው፣ መዝገብ ቤቱ ውስጥ። በሩን ገርበብ አድርጎ ትቶታል። «እጅዎ እዚያ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ የጻፉት ትዕዛዝ ግን እዚህ።»

«አልገባኝም።»

«የፕሮግራሙ ፍተሻ የዳነውን ሰው ረድፍ አንብቦ ያልፋል። ወዲያው ያ ሰው ይሰረዛል። ከዚያ የሟቿ ረድፍ ገና ካልተደረሰበት ቦታ ተነስቶ የተሰረዘው ሰው ቦታ ላይ ይጻፋል። ፍተሻው ወደ ኋላ አይመለስም። የተሰረዘው ተቆጥሯል፣ እሷ አልተቆጠረችም፤ አንድ ለአንድ። ሒሳቡ እኩል ይመጣል። በማግስቱ ደግሞ ወደ ቀደመ ቦታ።»

«ይህን ማንም ነርስ...»

«በስድስቱም ቀን የሚሰረዘውን ሰው ካነበበ በኋላ ፍተሻው ሁለት ሰከንድ ቆሟል። ሁልጊዜ ሁለት። የሰው እጅ አንድ ቀን ሦስት፣ ሌላ ቀን አምስት ይሆን ነበር። ትዕዛዙ የቦታ መዝገቡን እያየ ነው የሚነሳው። የቦታ መዝገቡን የሚያውቀው የሠራው ሰው ነው። የለውጡን ፋይል አጠፋህ፤ ይህንን ግን ማን ያነበዋል ብለህ ሰጠኸኝ።»

መዝጋቢው የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ነካ።

«ከዚያ ገጽ አንድ ደረሰች» አለ መርማሪው። «ከፊቷ ያሉት አራቱ ገና አልጋ ላይ ናቸው፤ የሚለቀቅ ቦታ የለም። ሰኞ ወረቀቷ የወጣው ለዚያ ነው። ደግሞም ሰኞ ሐኪሙ ይዞራል። ስድስት ቀን ብቻ ነው የነበረህ። ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት የቅጥር ፋይልህን አየሁ። ያንተና የአውቶቡስ ሹፌሩ አባት አንድ ሰው ነው።»

መዝጋቢው የኮምፒውተሩን ማያ አጠፋ።

«ስድስት ልጆች ነበርን» አለ። ድምፁ የቢሮ ድምፅ ነው፣ አልተለወጠም። «የእንጀራ እናቴ ጠዋት ዳቦ ስታድል ከትልቁ ትጀምራለች። እኔ ጋ ስትደርስ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ‹እኔስ?› ስላት ‹ለሁሉም አዳርሻለሁ፣ ቁጠር› ትላለች። እቆጥራለሁ። ስድስት ቁራሽ ነው። ስድስተኛውን ውሻው እየበላው ነው።»

«አወቀችህ?»

«ቅዳሜ አልጋዋ አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። ‹ጌታዬ፣ መድኃኒት ከቀረብኝ አምስት ቀኔ ነው፣ ለአንድ ሰው ይንገሩልኝ› አለችኝ። ‹ለሁሉም አዳርሰናል፣ ይቁጠሩ› አልኳት። ያኔ ፊቴን አየችው። ጮኸች። ማንም አልመጣም፤ ሁሌ ትጮሃለች እኮ።»

መርማሪው ካቴናውን አወጣ።

«ቆይ» አለ መዝጋቢው። «አንድ ነገር ጻፍልኝ። በስድስቱ ቀን አንዲት ነርስ እዚህ መስኮት መጥታ ‹የአልጋ አስራ አራት ወረቀት የት አለ?› ብትል ማውጣት ነበረብኝ። ሌላ መንገድ የለኝም፤ ካላወጣሁ እያዛለሁ። በየጠዋቱ ማተሚያው ጋ ቆሜ ፊቷን ሳይ ነበር፤ ትጠይቅ ይሆን ብዬ። ዘጠኝ እርምጃ ነው። ስድስተኛው ቀን ላይ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ‹ተመስገን፣ ዛሬም የእመት ስሞታ የለም።›»

ከበሩ ውጭ መወልወያ ሲወድቅ ተሰማ።

*

ረቡዕ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ነርሷ ተፈታች። እናቷ ጣቢያው በር ላይ ስማ፣ አገላብጣ ስማ፣ እንደገና ፊቷን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ልጄ፣ ሴትየዋ ስትለምንሽ አንድ ቀን እንኳ መስኮቱ ጋ ሄደሽ ጠይቀሽ ነበር?»

«እማዬ!» ነርሷ ፊቷን አስለቀቀች። «ገና ከእስር ቤት ስወጣ? ነፃ ነሽ ብለውኛል። ማሽኑ ነው፣ ሰውዬው ነው። እኔ ወረቀት ካልወጣልኝ ምን አገባኝ?»

መርማሪው ሰማ። የሚያስርበት አንቀጽ አልነበረውም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለአንድ ፊርማ ወደ ሆስፒታሉ ተመለሰ። ሴትየዋን በቢሮዎቹ ኮሪደር አጣት። ምድር ቤት፣ እጥበት ክፍል ናት አሉት። እንፋሎት ውስጥ እስከ ክርኗ ጓንት አጥልቃ አገኛት።

«እማማ፣ ማን ወደዚህ አወረደዎት?»

«ልጄ።» እንደ ተራ ነገር ነው የተናገረችው። «የሷን ክፍል ልጥረግ ብዬ ለምኜ አስቀየርኩ። በሽተኞቹን ‹መድኃኒት ወሰዳችሁ?› እላለሁ፤ አልጋ በአልጋ። እሷ እየሄደች እኔ ከኋላ። አምስት ቀን ቻለችኝ። በስድስተኛው ኃላፊውን ጠርታ በሁሉም ፊት ‹ይህቺን ፅዳት ከክፍሌ አውጡልኝ› አለች።»

«እናቴ ናት አላለችም?»

«አላለችም። እኔም አላልኩም። ታፍራለች።» አንሶላ አውጥታ ጨመቀች። «ያስፈታኋት እኔ ነኝ አይደል፣ ጌታዬ? በዚህ ጣቴ።»

«እርስዎ ያስፈቱት ንጹሕ ሰው ነው።»

«በሕግ» አለች ሴትየዋ።

መርማሪው መሬት የነካውን የአንሶላ ጫፍ አንስቶ አቀበላት።

«እዚህም ጥሩ ነው» አለች። «የሁሉም ክፍል አንሶላ እዚህ ይወርዳል። የደህናው ሰው በነጭ ከረጢት ነው፣ የሞተው በቢጫ። የክፍሉና የአልጋው ቁጥር ይጻፍበታል። ሲመጣ አያለሁ።»

ከላይ የጋሪ ጎማ እየተንኳኳ መውረድ ጀመረ። ሴትየዋ እጇን ከውሃው አወጣች። ጋሪው ማዕዘኑን ሲዞር ከመርማሪው ቀድማ አየችው። ሁለት ነጭ። ከሥራቸው አንድ ቢጫ፣ የልጇ ክፍል ቁጥር የተጻፈበት።

«ሰው በራሱ ጊዜም ይሞታል፣ እማማ» አለ መርማሪው።

«አዎ» አለች፣ ቢጫውን ከረጢት ወደ ራሷ እየሳበች። «የትኛው በራሱ ጊዜ እንደሞተ ግን ከእንግዲህ ማን ይነግረኛል?»